አትንገሪኝ ያልኩት ነገር

ባለፈው ወር የሥራ ባልደረባዬ የነበረችው መሠረት ደውላ ለአዳዲስ አስተርጓሚዎች ስለ ሥራ ዘመኔ እንድናገር ጋበዘችኝ። «እትዬ ፀዳለ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሥልጠናውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል» አለችኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ተናደድኩ። ግብዣው አላናደደኝም፤ ያናደደኝ ጋባዧ እሷ መሆኗ ነው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚነቱን ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሏል፣ ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም። ቅናቴ ግን ምንም አልሆነም፤ እንደ ወጣት ነው።

ሄጄ ተናገርኩ። ስላንቀላፋው ዳኛ ነገርኳቸው፣ ምራቱን ለመክሰስ መጥቶ ምራቱን ሲያመሰግን ስለዋለው ሽማግሌ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ አጨበጨቡ። አንዱን ጉዳይ ግን ዘለልኩት። መሠረት ከኋላ ወንበር ላይ ሆና መዝለሌን ሰምታለች፤ እዚያ ነበረችና ታውቀዋለች። ሲያልቅ ሻይ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ። ያ ደግነቷ ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። ብታሳፍረኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በስደተኝነት ነው፤ ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፓርክዴል በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ አልማዝ ከምትባል ልጅ ጋር አልጋ ተጋርተን ኖርን። ቀን ቀን የሆቴል አንሶላ አጥፍ ነበር። አንድ ቀን ለጎረቤት ላስተረጉም ክሊኒክ ተቀምጬ ጋሽ ኃይሉ አገኙኝ። እሳቸው አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ እዚህ ደግሞ በከተማው ካሉት ጥቂት የአማርኛ አስተርጓሚዎች ዋናው ነበሩ። ለጎረቤቴ ስናገር ትንሽ አዳመጡኝና «አንቺ ልጅ፣ ያላለችውን ትጨምሪያለሽ። ጨዋ ናት ብለው እንዲያስቡላት ፈልገሽ ነው አይደል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በማግስቱ ፍርድ ቤት ይዘውኝ ሄዱ።

ጋሽ ኃይሉ ችሎት ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድመው ይገቡ ነበር። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ከምስክር ወንበር፣ ከተከሳሽ ወንበር፣ ከዳኛው ሥር ሆኜ ጋዜጣ ጮክ ብዬ እንዳነብ ያዝዙኛል፤ የትኛው ጥግ ድምፅ እንደሚውጥ ለማወቅ። ማስታወሻ ደብተራቸውን መሀል ለመሀል በመስመር ይከፍሉታል፤ በግራ ስምና ቁጥር፣ በቀኝ የሆነው ነገር። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይጽፉም። እርሳሳቸው በሁለቱም በኩል የተቀረጸ ነው፤ አንዱ ሲሰበር ምስክር አይጠብቅም ይላሉ። ችሎት ካለ ሻይ በስኳር አይጠጡም፤ ስኳር ምላስ ያከብዳል ብለው አጥብቀው ያምኑ ነበር። እኔም እስከ መጨረሻው ቀኔ አልጠጣሁም።

«ምስክሩ ሲሳደብ አንቺም ስደቢ፤ ሲያለቅስ ግን አታልቅሺ» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። ከሁሉ በላይ ያጠበቁት ግን የኮሪደሩን ነገር ነው። ኮሪደር ላይ ዘመድ ይመጣል፣ እጅ ይጨብጣል፣ «እህቴ፣ ነገሩ እኮ እንዲህ ነው» ብሎ ይጀምራል። አትስሚ አሉኝ። ኮሪደር ላይ የሰማሽው አብሮሽ ችሎት ይገባል፤ ምስክሩ ሳይናገር አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ያወቅሽውን ደግሞ አፍሽ ያስተካክለዋል። እሳቸው ኮሪደር ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚቆሙት። እኔም እንደዚያው ቆምኩ። ያገሬ ሰው ኩሩ ነች ሲለኝ ኖረ። ክፍያው በሰዓት ነበር፣ ሁልጊዜም ይዘገያል፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የሌላ አስተርጓሚ ሥራ ሲያዳምጡ ከኋላ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስህተት ሲሰሙ ይገልጡታል። እኔ ስሠራ ዓይናቸው ቶሎ ቶሎ ይገለጥ ነበር። በአሥረኛው ዓመቴ እንኳ ሩብ ሰዓት ጨፍነው አይቆዩልኝም ነበር።

ከዚያ መሠረት መጣች። በዘጠኝ ዓመቷ መጥታ ጄን ኤንድ ፊንች ያደገች ልጅ ነች። አማርኛዋ የተሰባበረ ይሆናል ብዬ ተጽናንቼ ነበር፤ እዚያ ሰፈር ያደጉትን አውቃቸዋለሁ፣ በአማርኛ ስትጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱልህ። እሷን ግን አባቷ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብላ ካላነበበች እራት አያቀርቡላትም ነበር አሉ። አማርኛዋ እንደ ሽማግሌ፣ እንግሊዝኛዋ እንደ ዳኛ። ሁለቱንም ለአንድ ሰው መስጠት ምን ማለት ነው? የመጀመሪያ ቀን ስትሠራ ከጋሽ ኃይሉ አጠገብ ተቀምጬ የግድግዳውን ሰዓት ስመለከት ነበር። አርባ ደቂቃ ሙሉ ዓይናቸውን አልገለጡም። ተኝተው ይሆናል ብዬ በክርኔ ነካ አደረግኳቸው። «አዳምጪያት» አሉኝ፣ ሳይገልጡ።

ጡረታ ሲወጡ በዘመናቸው ሁሉ የሰበሰቡትን የሕግ ቃላት ደብተር ለእሷ ሰጧት። እኔ ከዚያ ደብተር ላይ ስንቱን ገጽ በእጄ ገልብጫለሁ። ዋናው ለመሠረት ደረሰ። ያን ቀን በባቡር ስመለስ ሁለት ጣቢያ አልፎኛል።

በዚያ ደብተር ውስጥ አንድ ባዶ የቀረ ገጽ ነበር። ሕጉ «ማወቅ» ሲል አንድ ለየት ያለ ማወቅ አለው። ነገሩን የጠረጠረ፣ ቢጠይቅ እንደሚያውቅ የተረዳ፣ እንዳያውቅ ብሎ ሆን ብሎ ያልጠየቀ ሰው እንዳወቀ ይቆጠራል። ሞኝነት ወይም ቸልተኝነት ብቻ አይበቃም፤ መጀመሪያ መጠርጠር አለበት። ጋሽ ኃይሉ ለዚህ አንድ ቃል ሲፈልጉ ኖረው አላገኙም። «ቃሉ የለንም እንጂ ሰውየውን እናውቀዋለን» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ዘለልኩት ልምጣ። አንድ ሐሙስ ቀን አስተርጓሚዎችን የምትመድበው ዳያን ደወለችልኝ። ሰኞ የሚጀምር የአምስት ቀን ችሎት ነው፤ ከኢትዮጵያ ዕቃ ይዛ ስትመጣ ኤርፖርት የተያዘች ሴት፣ አደገኛ ዕፅ በማስገባት የተከሰሰች። «መሠረትም በዚያ ሳምንት ነፃ ናት፤ አንቺ ሲኒየር ስለሆንሽ ግን ቀድሜ አንቺን ጠየቅኩ» አለችኝ። የተከሳሿን ስም ነገረችኝ፣ አስካለ ትባላለች፤ አላውቃትም። ከጉዳዩ ጋር ንክኪ ያለው የማውቀው ሰው እንደሌለ ሰኞ ፎርም ላይ እንድፈርም ተስማማን። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ያለ ትልቅ ጉዳይ አልደረሰኝም ነበር። ሁሉም ወደ መሠረት ነበር የሚሄደው።

እሑድ ማኅበራችን ነበር። ማኅበሩ በየወሩ በተራ በአንዳችን ቤት ነው የሚሰበሰበው፤ ያን ወር ተራው የአልማዝ ነበር። ያቺ የፓርክዴሏ አልማዝ፣ ዛሬ ሬክስዴል ነው የምትኖረው። ልጇ ዳዊት የክርስትና ልጄ ነው፤ ክርስትና ሲነሳ የታቀፍኩት እኔ ነኝ። ሰሃን ሳቀብላት ኩሽና ውስጥ እጄን ያዘችኝ።

«ፀዲ፣ አንቺ የፍርድ ቤት ሰው ነሽ። አንድ ነገር ልንገርሽ። ዳዊቴ እህል አልቀምስ ብሏል። አምና ኤርፖርት ላይ የተያዘችው ልጅ እኮ . . .»

«አልማዝ፣ የፍርድ ቤት ነገር ከሆነ አትንገሪኝ» አልኳት። «ሥራዬ ነው። መስማት አይፈቀድልኝም።»

እጄን ለቀቀች። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም» አለችና ሰሃኑን ተቀበለችኝ።

ያን ጊዜ በልቤ የሄደውን በደንብ አስታውሰዋለሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ፣ ዕቃው የዳዊት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መሠረት ነፃ ናት የሚል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨማሪ ብሰማ ሥራው የእሷ ይሆን ነበር። የጋሽ ኃይሉን ሕግ አንስቼ የጓደኛዬን አፍ ዘጋሁበት። ሰኞ ጠዋት የማውቀው ሰው የለም በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

በችሎቱ የመጀመሪያ ሁለት ቀን እንደሠራሁት በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ዐቃቤ ሕጉ ሲናገር ይሮጣል፣ እኔ እደርስበታለሁ። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ኃይሉ ከዘራቸውን ይዘው መጡና ከኋላ ተቀመጡ። መሠረትም ሌላ ችሎት ስለተቋረጠባት ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጋሽ ኃይሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሻይ እረፍት ድረስ ሳይገልጡ ቆዩ፤ ከእረፍት በኋላም ጨፈኑ። መሠረት ደግሞ እኔን ነበር የምታየው፣ እንደ ተማሪ። ልደብቅ አልፈልግም፣ የሥራ ዘመኔ ምርጡ ቀን ያ ነበር። አንዲት ሴት አጠገቤ ለነፃነቷ እየተንቀጠቀጠች እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አስካለ መመስከር ጀመረች። በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በጽዳት የምትሠራ ሴት ናት። የያዘችው በክር የተሰፋ የጨርቅ ከረጢት ነበር፤ በርበሬና ሽሮ ነው ተብሎ የተሰጣት። ዕፁ የተገኘው ከበርበሬው ሥር ነው። ከፍታ አይታው እንደሆነ የራሷ ጠበቃ ጠየቀቻት።

«የሰው አደራ ይከፈታል እንዴ?» አለች አስካለ፣ ደንግጣ።

በእንግሊዝኛ ድንጋጤዋንም ጭምር አስተረጎምኩት። ዳኛዋ ቀና ብላ አየቻት። አዳራሹ ውስጥ ካሉት ነጮች አንዳቸውም እንዳልገባቸው ታወቀኝ። እኛ ዘንድ አደራ የተሰፋበት ክር አይፈታም፤ የሚፈታ ሰው ላኪውን ሌባ ነህ እንዳለ ይቆጠራል። ይህን ማስረዳት ግን የአስተርጓሚ ሥራ አይደለም።

ጠበቃዋ ቀጠለች። ዕቃውን አምጪ ያለሽ ማነው? አስካለ ለፖሊስ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተናገረችው ይህን ነበር።

«አልማዝ ናት» አለች። «ስመጣ ስድስት ወር ቤቷ ያስቀመጠችኝ አልማዝ። እሷ ናት ደውላ ‹ለዳዊቴ የተላከ ነው፣ ይዘሽለት ነይ› ያለችኝ። እሷን ጠርጥሬ ማንን ላምን ነው?»

በደብተሬ የግራ በኩል አልማዝ ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል የጋሽ ኃይሉ ዓይን ተገልጧል። የምስክር ቃል መሀል ላይ አይጣልምና እስከ መጨረሻው አስተረጎምኩት። ከዚያ «አስተርጓሚዋ ለፍርድ ቤቱ የምትለው አላት» አልኩ፤ እኛ ስለ ራሳችን ስንናገር እንዲያ ነው የምንለው። የተጠቀሰው ሰው የክርስትና ልጄ ነው አልኩ።

ዳኛዋ መቼ እንዳወቅኩ ጠየቀችኝ። አሁን አልኩ። የአስካለ ጠበቃ ተነሳችና ከዚህ በፊት ሊያነጋግረኝ የሞከረ ሰው እንደነበር ጠየቀች። እናትየው ጀምራ ነበር፣ በሙያው ደንብ መሠረት አስቆምኳት አልኩ። ደንቡን ስጠቅስ ድምፄ ኮራ ብሎ ነበር። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠችና፣ ከማስቆምሽ በፊት ምን ልትነግርሽ ነው ብለሽ አሰብሽ አለችኝ።

ስንት ሰው ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲመልስ አፍ ሆኜለታለሁ። የሚመልሰውን እያዘጋጀ እኔ ስተረጉምለት ጊዜ ያገኛል። እኔ የሚተረጉምልኝ አልነበረም። «አላስታውስም» አልኩ። በፍርድ ቤት ምዬ የዋሸሁት ያን አንድ ቃል ነው።

ችሎቱ ተቋረጠ። ሁለት ቀን ተኩል የተሠራው ሁሉ ቀርቶ በሌላ አስተርጓሚ እንደ አዲስ እንዲጀመር ታዘዘ፤ የተገኘው ቀጠሮ ከስምንት ወር በኋላ ነበር። ፓስፖርቷ እስከዚያ ተይዞ ይቆያል። ለአስካለ ይህን የሚነግራት ሰው ስላልነበረ ዳኛዋ መሠረትን ከኋላ ወንበር ጠራቻት። መሠረት መጥታ እኔ ስቆምበት በነበረው ቦታ ቆመች፤ እኔ ከአጠገቡ ካለው ወንበሬ ገና አልተነሳሁም ነበር። ቀስ ብላ ነገረቻት። አስካለ ሰምታ ስታበቃ «እናቴስ?» አለች። አዲስ አበባ እናቷ ታመው ነበር፤ ፍርዱ እንዳለቀ ልትሄድ ነበር። ያን ቃል ለማንም አላለችውም፣ አስተርጉሚልኝም አላለች። መሠረት ግን ለዳኛዋ አስተረጎመችው።

ኮሪደር ላይ ጋሽ ኃይሉ ጠበቁኝ።

«ፀዳለ፣ ኮሪደር ላይ አትስሚ ያልኩሽ ለምን ነበር?»

«እንዳላዳላ ነው ጋሼ።»

«ሴትየዋን ያስቆምሻት እንዳታዳዪ ነው?»

ጋሽ ኃይሉ ኮፍያቸውን አድርገው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስተውብኝ አያውቁም፤ ችሎቴ መጥተው ግን አልተቀመጡም።

አልማዝን በሳምንቱ አገኘኋት። ዳዊትን ፖሊስ ወስዶታል፤ በኋላም ጥፋቱን አምኗል። እናቱ በርበሬ ነው ብላ ነበር የምታውቀው። ቤቷ ስገባ አልተነሳችልኝም። «የዚያን ቀን ልጠይቅሽ የነበረው የዚያችን ልጅ ጠበቃ የት እንደማገኛት ነው» አለችኝ። «ሄጄ ያዘዝኳት እኔ ነኝ ልላቸው ነበር።» ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያ ችሎት ራሱ አይኖርም ነበር። ይህን እስከ ዛሬ በልቤ እያመላለስኩ እኖራለሁ።

የአስካለ እናት ችሎቱ ከተቋረጠ በስድስተኛው ወር አረፉ። ቤተ ክርስቲያን ሲነገር ሰማሁ። ለቅሶ ልደርስ ሬክስዴል ሕንጻዋ ሥር ድረስ ሄድኩ፤ የበሩን ደወል ሳልነካ ተመለስኩ። በመስታወቱ ውስጥ ወንበር የሚያመላልሱ ሰዎች ይታዩኝ ነበር። መሠረት አንዷ ነበረች፤ ሁለተኛው ችሎት ለእሷ ከተሰጠ በኋላ ቢሆን ደንቡ አይፈቅድላትም ነበር፣ የዚያን ቀን ግን ገና አልተሰጣትም። ያኔም ቀናሁባት። እሷ መግባት ትችላለች።

በሁለተኛው ችሎት የፍርዱ ቀን ከሕዝብ ወንበር ተቀመጥኩ። ዳኛዋ ሌላ ሴት ነበረች። መሠረት አስካለ ጆሮ አጠገብ ሆና ታስተረጉማለች፤ ማይክራፎኑ ቅርብ ስለነበር አማርኛው ይሰማኛል። ዳኛዋ ስለዚያ ባዶ ገጽ መናገር ጀመረች። መሠረት አላመነታችም። «ሕጉ የሚቀጣው ጠርጥሮ፣ ጠይቆ እንዳያውቅ ብሎ ጆሮውን የደፈነውን ነው» አለች። አንድ ቃል አልፈለገችም፣ ሰውየውን ነገረቻት። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ አቃልዬ ብዬው አላውቅም። ቀናሁባት፤ ቅናቱ ሳይበርድልኝ ነገሩ ስለ እኔ መሆኑን ተረዳሁ።

ዳኛዋ ቀጠለች። ተከሳሿ አልጠየቀችም፤ ያልጠየቀችው ግን ስላልጠረጠረች ነው። ባለውለታዋ ይዘሽ ነይ ያለቻትን የተሰፋ አደራ መፍታት ለእሷ ነውር ነው። ይህ ማወቅ አይደለም አለች። አስካለ ነፃ ወጣች።

ኮሪደር ላይ እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆሜ ነበር። ትከሻዬን የነካኝ ሰው ነበር፤ አስካለ ናት፣ ጥቁር ለብሳ። መሠረት ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች።

«እትዬ፣ በእኔ የተነሳ ተቸገሩ አሉ። አይዘኑ» አለችኝ። «ያልታደለ ነገር ነው። እኔም አላወቅኩም፣ እርስዎም አላወቁም።»

ትከሻዬን ሳመችኝ። መሠረት ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። በዚያች ሰዓት አይደለም ማለት ነበረብኝ። «ተመስገን፣ እንኳን ነፃ ወጣሽ» አልኳት።

መሠረት ላይ ስቀና የኖርኩት በአንደበቷ፣ በደብተሩና በጋሽ ኃይሉ የተጨፈነ ዓይን ነው። የዚያን ቀን የቀናሁት ግን በአስካለ ነው። አላወቅኩም ስትል እውነቷን ነበር፤ እኔ ያን ቃል እንደ እሷ ልለው አልችልም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሠራሁ። ዳያን ስትደውል ቅድሚያ ለመሠረት ስጪ እላት ነበር፤ ደግነት እንዳይመስላችሁ፣ ፈርቼ ነው። አስካለ ዛሬም ሬክስዴል ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ተነስታ ወንበር ትለቅልኛለች። ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ።

አስካለ፣ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ የመጀመሪያው ቅጂ ለአንቺ ነው፤ መሠረትን አልልክም፣ ደወልሽን ተጭኜ ራሴ አመጣዋለሁ። ዕቃው የዳዊት እንደሆነ እሑድ ዕለት ጠርጥሬ ነበር። ፎርሙን የፈረምኩት ሰኞ ነው።